በወሎ የደን መንገድ ላይ ወፍ ማየት

ደን ውስጥ ወፍ ማየት ከሐይቅ ዳር ይከብዳል። ሐይቅ ዳር ዳክዬውም ሽመላውም ፊት ለፊት ነው፤ ደን ውስጥ ግን ድምፁ ጆሮ ይሞላል እንጂ ላባው አይታይም። በወሎ ተራሮች ላይ ለዚህ ችግር የሚረዳው መኪና መንገዱ ነው። ከኮምቦልቻ በላይ እንዳለው የጎፍ ደን ባለ ተዳፋት ላይ መንገድ ሲቆረጥ፣ ቁልቁል በኩል ያለው ዛፍ ሥሩ ከእግርዎ በታች፣ ጫፉ ከዓይንዎ ትይዩ ይሆናል። ጫካ ውስጥ ገብተው አንገትዎን እስኪያምዎ ቢያንጋጥጡ የማያዩትን የጽድ ጫፍ፣ ከመንገዱ ኩርባ ላይ ቆመው እንደ ጠረጴዛ ያዩታል። ስለዚህ ዋናው ሥራ የት እንደሚቆሙ ማወቅ ነው፤ ርቀት መሸፈን አይጠቅምም።

የሚከተለው ለየጎፍ ይጻፍ እንጂ በቦረና በኩል ላለው ደንቆሮ ጫካም ሆነ በሌላው የወሎ ደጋ ላለ የጽድና የወይራ ደን ይሠራል።

መንገዱን መምረጥ

ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይበቃል። በዚያ ርቀት ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ዕድሜው የተቀላቀለ አገር በቀል ዛፍ (ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ከታቹ አጋምና ቀጋ)፣ ቢያንስ አንድ ውሃ የሚሻገርበት ሸለቆ፣ እና ወደ ገደሉ የሚወጣ ግልጽ ኩርባ። ዋናው የደሴ–ኮምቦልቻ አስፋልት ለዚህ አይሆንም፤ የጭነት መኪናው ድምፅ ያደነቁራል፣ ትከሻውም ጠባብ ነው። ወደ ደኑ የሚገባ የጠጠር መንገድ ይምረጡ።

ባሕር ዛፉንና የፈረንጅ ጽዱን አበባ ካላወጣ ወይም አሞራ ካላረፈበት በፍጥነት ይለፉት። የተተከለ፣ እኩል ዕድሜ ያለውና ከሥሩ ቁጥቋጦ የሌለው ደን ለወፍ ምግብም መደበቂያም የለውም። ብዙ ጀማሪ ጠዋቱን የሚያባክነው እዚህ ነው፤ ጥላው ደስ ይላልና።

ቀጥሎ የብርሃኑ ነገር አለ። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ እንድትሆን ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደውን ክፍል ይጀምሩ። ፀሐይን ፊት ለፊት ከያዙ ያዩት ወፍ ሁሉ ጥቁር ነው። በተለይ የተከዜ ስም የወጣለት፣ ታካዜ ሰንበርድ የሚባለው አበባ መጣጩ ወፍ ወንዱ በጥላ ውስጥ ከሰል ይመስላል፤ ብርሃን ከጀርባዎ ሲመታው ግን ሐምራዊ ሆኖ ያንጸባርቃል። ጭራው መካከል ሁለት ረዘም ያሉ ላባዎች አሉት።

ከመሄድዎ በፊት ለደን ጥበቃ ሠራተኛው ወይም ለቀበሌው ይንገሩ፤ መታወቂያ ይያዙ፤ ከሆነልዎ ከወረዳው የተጻፈ ደብዳቤ አይለይዎ። ባይኖኩላር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ እንግዳ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። ወደ ካምፕ፣ ወደ ቴሌ ማማ ወይም ወደ ፍተሻ ኬላ አቅጣጫ አያንሱት። ወታደራዊ ዝንጉርጉር ልብስ አይልበሱ፤ ድሮን ያለፈቃድ አያስቡት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰላምታ ነው። ገበያ ወራጅ ሲያልፍ አስቀድመው «እንዴት አደራችሁ» ወይም «አሰላሙ ዐለይኩም» ይበሉ፤ መጽሐፉን ገልጠው ሥዕል ያሳዩ። ወዲያው «እሷማ እኛ ማሳ ላይ አለች» የሚል አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው።

ወቅትና ሰዓት

ምርጡ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ዝናቡ ያበቃል፣ አየሩ ይጠራል፣ አበባው ይበዛል፣ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሸሹትም ይደርሳሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከባብ ኤል መንደብ ተሻግረው የሚመጡ የእስቴፕ ንስሮችና ሌሎች አዳኝ ወፎች የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ተከትለው ስለሚያልፉ፣ በወሎ ምሥራቃዊ ተዳፋት ላይ ቀና ብሎ ማየት ያዋጣል። ጥርና የካቲት ደረቅ ነው፤ ያኔ ወፉ ውሃ ዳር ይሰበሰባልና ሸለቆው ላይ ይቁሙ። በበልግ ጉሙ ያስቸግራል። ሐምሌና ነሐሴ ግን መንገዱም ሌንሱም ጭቃና ውሃ ነው።

ወፍ ሲንጫጫ ከቦታው መድረስ አለብዎት። ይህም ማለት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቆመው መገኘት ነው። ብርድ ያደረበት ወፍ ፀሐይ መጀመሪያ የመታችውን ዛፍ ጫፍ ይፈልጋል። ወደ ምሥራቅ የዞረው ተዳፋት ቶሎ ይሞቃል፤ ወደ ምዕራብ የዞረው ሸለቆ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ጥላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምሥራቁን አስቀድሙ፣ ጥላማውን ለኋላ ይተዉ። ደን ውስጥ ያለው ጫጫታ ከ4 ሰዓት በኋላ ይቀንሳል፤ በዚያው ሰዓት አየሩ ሞቆ ወደ ላይ መንሳፈፍ ስለሚጀምር አሞራውና ንስሩ ይነሣል። ማታ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ሁለተኛ ዕድል አለ፤ ሲጨልም ግን በጅብ መንገድ ላይ ብቻዎን አይገኙ። ለነገሩ ጠዋትም ቢሆን ሁለት ሆኖ መሄድ ይሻላል።

ባይኖኩላሩና ሌላው ዕቃ

ለደን 8 በ42 የሚባለውን ይያዙ። 8 የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር። 42ን ለ8 ሲያካፍሉት 5.25 ይመጣል፤ ይህ ወደ ዓይንዎ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በኪስ የሚያዘው 10 በ25 ግን 2.5 ብቻ ስለሚሰጥ ጎህ ሲቀድ ጽድ ሥር ጨለማ ነው የሚያሳየው። 10 በ42 ለገደልና ለአሞራ ያገለግላል፤ ደን ውስጥ ግን የእጅ መንቀጥቀጥን አብሮ ያጎላል፣ እይታውም ጠባብ ስለሆነ ቅጠል ለቅጠል የሚዘል ወፍ ቶሎ ያመልጠዋል። ገበያ ላይ «100 እጥፍ» ተብሎ የሚሸጠውን ጨርሶ ይተዉት።

አብዛኛው ሰው ባይኖኩላሩን ሳያስተካክል ነው የሚጠቀመው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ሁለቱን በርሜሎች መሐል መታጠፊያው ላይ አጥፈው፣ የሚያዩት ሁለት ክብ አንድ ክብ እስኪሆን ያጥብቡ ወይም ያስፉ።

2. የዓይን መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ የዓይን ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ይጠምዝዙ። የማያደርጉ ከሆነ ወደ ውጭ ያውጡ።

3. የቀኙን የፊት መስታወት በመዳፍ ሸፍነው፣ 30 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ደረቅ ቅርንጫፍ በግራ ዓይን እያዩ መሐለኛውን ጎማ አዙረው ያጥሩት።

4. አሁን ግራውን ይሸፍኑ። መሐለኛውን ሳይነኩ፣ ያንኑ ቅርንጫፍ በቀኝ ዓይን እያዩ በቀኙ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ ያዙሩ።

5. ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በፕላስተር ቁራጭ ምልክት ያድርጉ። ቦርሳ ውስጥ በራሱ ይዞራል፤ በየጠዋቱ ይዩት።

ይህን ሁሉ አድርገው ምስሉ አሁንም ሁለት ከሆነ ወይም ዓይን ከሳበ፣ ውስጡ ያለው መስታወት ከቦታው ተንቀሳቅሷል፤ ቤት ውስጥ አይጠገንም። ሌንሱን በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ አይጥረጉ። የመንገዱ አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበትና ሽፋኑን ይቧጭረዋል። መጀመሪያ እፍ ይበሉት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። በብርድ ያደረ ባይኖኩላር ላይ የራስዎ ትንፋሽ ይጤሳል፤ ለአፍታ ከፊትዎ ቢያርቁት ይጠራል።

የተቀረው ቀላል ነው፦ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ (እስክሪብቶ በጉም እርጥበት ቀለሙ ይፈሳል)፣ የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ መጽሐፍ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ወፍራም ሹራብ። ነጭ ጋቢ ከሩቅ ያስደነግጣልና አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልብስ ይሻላል፤ የሚንኮሻኮሽ የፕላስቲክ ዝናብ ልብስም ጆሮዎን ይጋርድብዎታል። ቆሎ ጥሩ ስንቅ ነው፤ ነገር ግን ሲያኝኩ ራስዎ ውስጥ ያለው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ያጠፋዋል። ወፍ የሚሰማበት ሰዓት ላይ አይቆርጥሙ።

አካሄዱ

መኪናውን ከመጀመሪያው ኩርባ 200 ሜትር ያህል ቀድመው ያቁሙት፤ በሩን ቀስ አድርገው ይዝጉት። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ከገደሉ ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይቁሙ፤ ከዝናብ በኋላ የጠጠር መንገድ ጠርዝ ይናዳል።

ለሁለት ደቂቃ ምንም አያንሱ፤ ብቻ ይስሙ። መዳፍዎን ከጆሮዎ ኋላ እንደ ጉድጓዳ ሳሕን ቢያደርጉት የሩቁ ድምፅ ይጎላል፤ ቀስ ብለው ዞር ዞር ሲሉ የመጣበት አቅጣጫ ይለያል። ከዚያ በባዶ ዓይን እንቅስቃሴ ይፈልጉ። በባይኖኩላር ደን መበርበር ከንቱ ድካም ነው፤ ባይኖኩላር ለተገኘ ወፍ ነው። እንቅስቃሴ ሲያዩ ዓይንዎን ከቦታው ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት። ጀማሪ ወደ ታች አይቶ ዕቃውን ሲያነሣ ወፉ ይጠፋዋል። ይህ ቤት ደጃፍ ላይ በእርግብ ሊለማመዱት የሚችሉት ነገር ነው።

ለጓደኛ ሲጠቁሙ «እዚያ፣ እዚያ!» አይሠራም፤ ጣት መቀሰርም ወፉን ያስበረግጋል። ዛፉን እንደ ሰዓት ፊት ይቁጠሩት፣ ጫፉ 12፣ ቀኝ ጎኑ 3 ነው፦ «ትልቁ ወይራ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ»።

በአንድ ቦታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቁሙ፤ ከዚያ ከ150 እስከ 200 እርምጃ ሄደው እንደገና ይቁሙ። መኪና አልፎ አቧራ ካስነሣ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። ሳያቋርጡ የሚሄዱ ከሆነ ወፉ ሁልጊዜ ከፊትዎ እየሸሸ ይሄዳል፤ የሚያዩትም ጀርባውን ብቻ ነው።

ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ። የአበሻ ጽድ ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የሚይዘው ሴቴው ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ የበሰለ ፍሬ የሞላበት ጽድ ካገኙ፣ ወይም የበሰለ ሾላ ካገኙ፣ መንገዱን ይተዉና እዚያው ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ሶሪቱም፣ በቀቀኑም፣ የደን እርግቡም ተራ በተራ ወደዚያው ይመጣል።

ሌላው የተቀላቀለ መንጋ ነው። ጸጥ ያለ ደን በድንገት በትንንሽ ድምፅ ይሞላል፦ ዓይኑን ነጭ ቀለበት የከበበው ትንሽ አረንጓዴ ቢጫ ወፍ በብዛት፣ ከእነሱ ጋር ጥቁር ሆኖ ጀርባው የነጣ ዋይት ባክድ ብላክ ቲት፣ ዝንብ አዳኞች፣ ዕድል ካለም ግንደ ቆርቁር። አይከተሏቸው። መንጋው የሚሄድበትን አቅጣጫ አይተው ከፊቱ ይቁሙ፤ ፊት የመጡትን ብዙዎቹን ነጭ ዓይኖች ይለፏቸውና መጨረሻ የሚመጡትን ይጠብቁ። ከባዶቹና ብርቆቹ ብዙ ጊዜ ከኋላ ናቸው።

የሚጠብቋቸው ወፎች

ሶሪት፣ በመጽሐፉ ዋይት ቺክድ ቱራኮ፣ የዚህ ደን ጌጥ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ከጉሮሮ የሚወጣ ሻካራ፣ ተከታታይ ኩርፊያ የሚመስል ድምፅ ነው። አይቸኩሉ። ከበረራ ይልቅ ሩጫ ይወዳል፦ አረንጓዴ ጭራውን እያስረዘመ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ቆሞ ያዳምጣል። ጥቁር ሰማያዊ ጉትዬ፣ ከዓይኑ ፊት ነጭ ነጥብ፣ ከጆሮው ወደ አንገት የሚወርድ ነጭ መስመር፣ የዓይኑ ዙሪያ ቀይ። ክንፉን ሲዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል። ያ ቀለም መዳብ ያለበት ቀለም ነው፤ በወፍ ዓለም የቱራኮ ወገን ብቻ ያለው። ከተቀመጠ ግን ቀዩ ፈጽሞ ስለማይታይ፣ «ቀይ ወፍ አየሁ፣ ጠፋኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሶሪት ነው ያየው።

ትንሹ በቀቀን፣ ብላክ ዊንግድ ላቭበርድ፣ ከላይ እየጮኸ በቡድን ያልፋል፤ ሲያርፍ ከቅጠሉ አይለይም። የፍሬ ገለባ ከዛፍ እየወረደ ራስዎ ላይ ሲንጠባጠብ ቀና ይበሉ። ግንባሩ ቀይ ወንድ፣ ሁለንተናው አረንጓዴ ሴት ነው።

ዋሽንት የመሰለ ጥርት ያለ ፉጨት ሲሰሙ ራሱ ጥቁር ገላው ቢጫ የሆነውን አቢሲኒያን ኦሪዮል ይፈልጉ። ቢጫ ቢሆንም በወይራ ቅጠል መሐል ለማየት ከሶሪት ይብሳል። ግንደ ቆርቁሩ፣ አቢሲኒያን ዉድፔከር፣ ጥቂት ነው፤ ሲቆረቁርም ደካማ ነው። ሞቶ የቆመ የጽድ ግንድ ካለ እዚያ ይጠብቁት። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ አየር ዘሎ ነፍሳት ይዞ ወደዚያው የሚመለስ ግራጫ ቡናማ ወፍ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ አቢሲኒያን ስሌቲ ፍላይካቸር ነው።

መንገዱ ራሱ ላይ፣ በተለይ የመጀመሪያው መኪና ሳያልፍ፣ አናቱ ቀይ ቡናማ የሆነው ትልቁ ቆቅ፣ ኤርክልስ ፍራንኮሊን፣ ይወጣል። ኩርባውን ከመዞርዎ በፊት አጮልቀው ይዩ፤ አንዴ ካየዎት ሽቅብ በእግሩ ይሮጣል። መንቁሩ ብርቱካናማ የሆነው የደን ወፍ፣ አቢሲኒያን ትረሽ፣ ደግሞ መንገድ ዳር ቅጠል እየገለበጠ ትል ይፈልጋል። ሣሩ ላይ፣ ከደኑ ውጭ፣ ደረቱ ነጠብጣብ ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሌላ ወፍ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

እርግብ ላይም እንዲሁ ይሳሳታሉ። አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ጥቁር ግራጫ እርግብ ዋይት ኮላርድ ፒጅን ነው፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ፤ የዓይኑ ዙሪያ ቀይ ሆኖ ክንፉ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት የቤት ክዳን ላይ የሚያዩት ሌላው ነው። ቁራም ሁለት ዓይነት ይመጣብዎታል፦ መንቁሩ እጅግ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ፣ እና ጭራው ከመጠን በላይ አጭር ስለሆነ በበረራ ላይ ጭራ የሌለው የሚመስለው የገደል ቁራ። ጉሮሮው ሥር ሥጋ ያንጠለጠለው፣ መንቁሩ ወደ ታች የጎበጠው ዋትልድ አይቢስ ጠዋትና ማታ እየጮኸ በላይ ሲያልፍ ክንፉ ላይ ነጭ ያሳያል፤ ጩኸቱ ሰፈር ያስነሣል።

ከ4 ሰዓት በኋላ ወደ ሰማይ። ሆዱ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ጭራው አጭርና ቀይ ቡናማ ከሆነ አውጉር በዛርድ ነው። ጭራው ረጅምና እንደ ሽብልቅ ወደ ጫፉ የሾለ ከሆነ አጥንት ከላይ ጥሎ የሚሰብረው ላመርጋየር ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ወይራ ፍሬ ላይ ግራጫ ሆኖ ቆብ ያደረገ ትንሽ ወፍ ካዩ እንግዳው ብላክካፕ ነው፤ የወንዱ ቆብ ጥቁር፣ የሴቷ ቡናማ።

የተቀዳ ድምፅ፣ ጎጆና እረኛ

ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል፤ ለስልክ መተግበሪያም ይሠራል። ከሌላ አገር የተቀዳ ድምፅ ከዚህ ወፍ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ መርሊን የመሳሰሉት የድምፅ መለያዎች የሚሰጡትን ስም ወፉን ሳያዩ አይመዝግቡ። ድምፅ አጫውቶ ወፍ መጥራትም አይመከርም። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ወይም ምግቡን ትቶ ይመጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ሰው በሚበዛበት መንገድ ይህ ከተደጋገመ ቦታውን ይለቃል።

እረኛ ልጆች ከማንም በላይ ጎጆ ያውቃሉ። ስለ ወፍ ይጠይቋቸው፤ ባይኖኩላሩንም ያሳዩዋቸው። ነገር ግን ጎጆ ላሳየ ገንዘብ አይስጡ። ዛሬ ለጎጆ ከከፈሉ ነገ ጫጩቱን በእጁ ይዞ ይመጣል። መክፈል ከፈለጉ መንገድ ለመራ ጎልማሳ፣ ለሰዓቱ ይክፈሉ።

መመዝገብ

መጽሐፉን ከመግለጥዎ በፊት ይጻፉ። ሥዕሉን አስቀድመው ካዩ ያላዩትንም ምልክት ያዩት ይመስልዎታል። አንድ መስመር ይበቃል፦

«ኅዳር 12፣ ጠዋት 1፡20። ሁለተኛው ኩርባ፣ ፍሬ ያለው ጽድ። 2 ሶሪት፣ አንዱ በረረ፣ ክንፉ ቀይ። ፀሐይ ከኋላ። 25 ሜትር።»

ለማያውቁት ወፍ መጠኑን ከሚያውቁት ጋር ያነጻጽሩ (ከዋኖስ ያንሳል፣ ከቁራ ይበልጣል)፤ የመንቁሩን ቅርፅና ቀለም፣ የጭራውን ርዝመት፣ የእግሩን ቀለም፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር ይጻፉ። የላባ ቀለም በመጨረሻ ይምጣ፤ በጥላ ውስጥ ያታልላል።

ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ የሚያስገቡ ከሆነ ሰዓቱና ቀኑ ላይ ይጠንቀቁ። መተግበሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፦ የእኛ ጠዋት 1፡20 እዚያ 7፡20 ነው። 1፡20 ብለው ካስገቡት ሶሪትዎ በእኩለ ሌሊት ፍሬ ሲበላ ይመዘገባል። ኅዳር 12ም ኖቬምበር 21 ነው፤ የቀኑን ልዩነት በስልክዎ የቀን መቁጠሪያ ያረጋግጡ። ቆመው ያዩትንና እየሄዱ ያዩትን በተለያየ ዝርዝር ያስገቡ፤ የሄዱበትን ርቀትና የቆዩበትን ደቂቃም ይሙሉ። ብዛቱን መቁጠር ካልቻሉ በአሥር በአሥር ገምተው ቁጥር ይጻፉ፤ «ብዙ» የሚል ቃል በኋላ ለማነጻጸር አይሆንም። ያላዩትን፣ የሰሙትን ብቻ ደግሞ «ተሰማ» ብለው ለዩት።